የተላጠ የመኪና አርማ፦ ልጠግነው ወይስ ልቀይረው?

ቅርስ ያዥ

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ከ20 ዓመት በላይ የነዳትን መኪና ባለፈው ወር ለእኔ ሰጠኝ። ሞተሯ ጤነኛ ነው። ቀለሟም ለዕድሜዋ አይታማም። የሚያሳዝነኝ አርማዎቿ ናቸው።

ኮፈኑ ላይ ያለው ክብ አርማ ላዩን የሸፈነው ቨርኒሽ ተሰነጣጥቋል። ጠርዙ ላይ ተገልብጦ ቆሟል። ከሥሩ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይታያል። የኋላ ክዳኑ ላይ የሞዴሏን ስም የሚጽፉት ፊደላት ደግሞ ክሮማቸው እየተላጠ ነው። አንዱ ፊደል ግማሹ ያብረቀርቃል፣ ግማሹ ፕላስቲኩ ወጥቷል።

አባቴ መኪናዋን ሲያጥብ መጨረሻ ላይ የሚወለውለው ያንን ክብ አርማ ነበር። ስለዚህ ነቅሎ መጣሉ ይከብደኛል። እንዲህ ሆኖ መተዉም ያስቆጨኛል። የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ይጠገናል ወይስ ልቀይረው?

ፒንሳ

ቀይረህ ተገላገል ወንድሜ። ክሮም አንዴ መላጥ ከጀመረ አይቆምም። እኔ ሁለት ቅዳሜና እሑድ ሙሉ የተላጠውን በብርጭቆ ወረቀት ስፈትግ፣ በብር ቀለም ስቀባ ከረምኩ። የብር ቀለም ክሮም አይሆንም። ከሩቅ ግራጫ ነው የሚመስለው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። የተላጠውን ክሮም በባዶ እጅህ አትንካው። ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው። ስወለውል ጣቴን ቀዶኝ ደሜ ኮፈኑ ላይ ተንጠባጥቧል። ጓንት አድርግ።

ብሩሽና ቀለም

ልጄ፣ ለመቀየርም ለመጠገንም አትቸኩል። መጀመሪያ አርማው ከምን እንደተሠራ እወቅ። እኔ መኪና ስቀባ 30 ዓመት ሊሞላኝ ነው። አርማ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከእርጅና ይልቅ ምንነቱን ሳያውቁ ስለሚነካኩት ነው።

በጥቅሉ አራት ዓይነት አርማ በእጄ አልፏል። አንደኛው ፕላስቲክ ሆኖ ክሮም የለበሰ ነው። የኋላ ፊደላትህ እንደዚያ ናቸው። ሁለተኛው ስስ አሉሚኒየም ሆኖ ቀለም የተቀባና በላዩ ቨርኒሽ የፈሰሰበት ነው። የፊቱ ክብ አርማህ፣ ነጭ ዱቄት ካልክ፣ ይሄ ነው። ዱቄቱ የአሉሚኒየም ዝገት ነው። ሦስተኛው ጠፍጣፋ ሥዕል ላይ እንደ ውሃ ጠብታ የጎበጠ ግልጽ ሬንጅ የፈሰሰበት ነው። የጎማ ኮፓ መሃል ላይ ብዙ ይታያል። አራተኛው በጣም የቆዩ መኪኖች ላይ ያለው ኢናሜል ነው። እሱ ቀለም እንዳይመስላችሁ። 800 ዲግሪ አካባቢ በሆነ እሳት ብረት ላይ የቀለጠ ብርጭቆ ነው። ኢናሜል ያለው ሰው አያጣምመው፣ አይጎርጉረው። ከተሰነጠቀ መመለሻ የለውም።

ወዳንተ ስመለስ፣ ቨርኒሹ ብቻ ተሰንጥቆ ከሥሩ ያለው ቀለም ደህና ቢሆን ኖሮ ይድናል እልህ ነበር። የተላጠውን ቨርኒሽ በ1500 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ታነሳዋለህ። በ2000 ታለሰልሰዋለህ። ከዚያ ባለ ሁለት ውህድ ቨርኒሽ ትረጭበታለህ። እሱ ማጠንከሪያው መርዛማ ነው። ለኬሚካል ትነት የተሠራ ማስክ ሳታደርግ፣ ዝግ ቤት ውስጥ ሆነህ እንዳትሞክረው።

ነጭ ዱቄት ከታየ ግን ውሃ ቀለሙ ሥር ገብቷል ማለት ነው። በላዩ የፈለግከውን ቨርኒሽ ብታፈስበት ዝገቱ ከሥር መሄዱን አይተውም። ቀለሙን እስከ ብረቱ አንስቶ እንደገና መሥራት ይጠይቃል። ይቻላል፤ ግን በትዕግሥት የሚሠራ የእጅ ሥራ ነው።

የኬሚስትሪ መምህር

ብሩሽና ቀለም ያሉት ትክክል ነው። ክሮሙ ለምን እንደሚላጥ ልጨምርበት። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሌላውን አርማ ከመላጥ ያድናል።

እነዚያ ፊደላት በብዛት ኤቢኤስ ከሚባል ፕላስቲክ ይሠራሉ። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ብረት በቀላሉ አይለብስም። ፋብሪካው መጀመሪያ በአሲድ ያጥበዋል። አሲዱ ኤቢኤሱ ውስጥ ያሉትን የጎማ ቅንጣቶች በልቶ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይተዋል። ብረቱ እነዚያ ውስጥ ሥር ይሰዳል። ከዚያ መዳብ፣ በላዩ ኒኬል፣ መጨረሻ ላይ ክሮም ይለብሳል። የምናየው አንጸባራቂነት በአብዛኛው የኒኬሉ ነው። ክሮሙ ኒኬሉን እንዳይደበዝዝ የሚጠብቅ ልብስ ነው። ውፍረቱም ብዙ ጊዜ ከ1 ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ፣ ያንሳል።

ችግሩ ሙቀት ላይ ይመጣል። ኤቢኤስ ሲሞቅ ከላዩ ካለው ብረት ብዙ እጥፍ ይለጠጣል። ከክሮም ጋር ብቻ ካነጻጸርነው ከ10 እጥፍ በላይ ነው። ቀን ፀሐይ፣ ማታ ብርድ፤ በየቀኑ መሳብና መመለስ ነው። መዳቡ ለስላሳ ስለሆነ ይህን ጉተታ መሃል ሆኖ ይችለዋል። አንድ ቦታ ላይ ግን ጠጠር ከመታው ወይም ከተጫረ ውሃ ይገባል። ከዚያ ንብርብሮቹ እርስ በርስ መበላላት ይጀምራሉ። መጀመሪያ እንደ ሽፍታ ያብጣል። ቀጥሎ ይፈነዳል። ቀጥሎ ይላጣል።

ሁለት ነገር ያፋጥነዋል። አንዱ ለቸርኬ ማጽጃ የሚሸጠው አሲድ ያለበት ፈሳሽ ነው። አርማ ላይ እንዳይደርስ። ሌላው ባለ ግፊት ውሃ ነው። የመርጫውን አፍ አርማው ጠርዝ ላይ አስጠግቶ መርጨት ሽፋኑን በጉልበት እንደ መላጥ ነው።

ሁለት በር

ለመቀየር ለምታስቡ የኔን ታሪክ ልንገራችሁ። ከአንድ ሻጭ "ኦሪጅናል ነው" ተብዬ ክብ አርማ ገዛሁ። ሲገጠም ያምር ነበር። ጥቂት ወራት ሳይሞሉት ሰማያዊው ወደ ወይንጠጅ አደላ። ከዚያ ነጭ ሆነ። ቨርኒሹም ቢጫ አወጣ። በጣም ተናደድኩ። ከተነቀለው አሮጌ አርማ ጋር ጎን ለጎን ሳስቀምጠው ነው ያየሁት። የአሮጌው ጀርባ ላይ የመለዋወጫ ቁጥር በጥራት ተቀርጿል። የአዲሱ ጀርባ ባዶ ነው። እግሮቹም ቀጭን ናቸው።

ስለዚህ አሮጌውን ሳትነቅሉ አዲስ አትግዙ። ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። በዚያ ቁጥር ጠይቁ። መጠኑንም ለኩ። የፊትና የኋላው አንድ የሚመስላቸው አሉ። ለምሳሌ ብዙ የቢኤምደብሊው ሞዴሎች ላይ የፊቱ 82 ሚሊሜትር ሲሆን የኋላው 74 ነው። በዓይን ልዩነቱ አይታወቅም። ሲገጠም ግን አይገባም።

ቅርስ ያዥ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ብሩሽና ቀለም፣ እንዳሉት አሉሚኒየም ነው። ማግኔት አይዘውም። መምህር፣ ሽፍታ ያሉት ሌሎቹ ፊደላት ላይም ጀምሯል። እስካሁን አላስተዋልኩትም ነበር።

አሁን ጥያቄዬ እንዴት ይነቀላል የሚለው ነው። አንድ ጎረቤት ካቻቢቴ አምጥቶ ከሥር ሊፈለቅቀው ሲል አስቆምኩት።

ንግሥተ መንገድ

እሰይ! እንኳን አስቆምከው። ካቻቢቴ አርማውን ባይሰብረው ቀለሙን ይጎዳዋል። እኔ የራሴንም የጓደኞቼንም መኪና አርማ ነቅዬ አውቃለሁ። በዝርዝር ልንገርህ።

መጀመሪያ በምን እንደተያዘ እይ። የኋላ ክዳኑን ከፍተህ በውስጥ በኩል ተመልከት። ቀዳዳና ብሎን ወይም የፕላስቲክ እግር ካለ በእግር የቆመ ነው። ከሌለ በሁለቱም ገጹ ሙጫ ባለው ስፖንጅ ቴፕ የተለጠፈ ነው። የኮፈን ክብ አርማ በአብዛኛው ሁለት እግር አለው። እግሮቹ ኮፈኑ ቀዳዳ ውስጥ ባሉ ትንንሽ ጎሚኒዎች ተይዘዋል። እሱ የሚወጣው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው። ጠርዙ ዙሪያ የቀለም መሸፈኛ ወረቀት ቴፕ ለጥፍ። ከዚያ ሰፊ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ በጨርቅ ጠቅልለህ ከአንዱ ጎን ትንሽ፣ ከሌላው ጎን ትንሽ እያልክ አንሳው። ካዘመምከው እግሩ ይሰበራል።

ፊደላቱን ከመንካትህ በፊት ቦታቸውን ያዝ። ይሄን የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ በኋላ ይጸጸታሉ። ፎቶ አንሳ። ከፊደላቱ ግርጌ እኩል የወረቀት ቴፕ ወጥረህ ለጥፍ። የእያንዳንዱን ፊደል መጀመሪያና መጨረሻ ቴፑ ላይ በእስክርቢቶ ምልክት አድርግ። ቴፑ እዚያው ይቆይ። አዲሱ ሲለጠፍ መስመሩን የሚሰጥህ እሱ ነው።

ከዚያ በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው። እጅህን ስታስጠጋ የሚያቃጥል ሳይሆን ሞቅ ያለ ሲሆን ይበቃል። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ወይም የጥርስ ክር ከፊደሉ ጀርባ አስገባና እንደ መጋዝ ግራ ቀኝ ሳብ። ክሩ ስፖንጁን ይቆርጠዋል። ፊደሉ እጅህ ላይ ይወድቃል።

የቀረውን ሙጫ በጥፍርህ አትፋቀው። አሙቀህ በአውራ ጣትህ ስትገፋው እየተጠቀለለ ይወጣል። ልቤን የሚያረካኝ ይሄኛው ሥራ ነው። ጨርሶ እንቢ ያለውን የሙጫ ማስለቀቂያ ቀብተህ ጥቂት ደቂቃ ተወውና ጥረገው።

ብሩሽና ቀለም

ጎበዝ ልጅ። ሁሉም ልክ ነው። እኔ ከልምዴ ጥቂት ላክልበት።

የፀጉር ማድረቂያ ያልሽውን አደራ እንዳይለውጡት። ጋራዥ ውስጥ ያለው ሂት ጋን ከ500 ዲግሪ በላይ የሚተፋ አለ። ኤቢኤስ ደግሞ 105 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። ፊደሉ እጃችሁ ላይ ይጣመማል። ቀለሙም ያብጣል።

ትነርና አሴቶን ወደዚያ። አሴቶን ኤቢኤስን ያቀልጠዋል። ትነር ደግሞ በኋላ የተቀባ ቀለም ካለ ይዞት ይነሳል። ያገለገለ መኪና ላይ የትኛው ክፍል ድጋሚ እንደተቀባ ከውጭ አይታወቅም።

ስትለጥፉም በሱፐር ግሉ አትለጥፉ። ትነቱ አርማው ዙሪያ ነጭ ደመና ይጥላል። ይደርቅና ይሰበራል። በሌላ ጊዜ ለመንቀል ስትሞክሩ ቀለሙን ይዞ ይመጣል። ሲሊኮን የሚጠቀሙም አሉ። ሲከፈት እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን አሲድ ይለቃል። ብረት ያዝጋል። የከፋው ደግሞ ሲሊኮን የነካው ቦታ ላይ በኋላ ቀለም አይዝም። ስትረጩ ቀለሙ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል። ስንቱን ኮፈን እንደገና አጥቤ እንደገና የቀባሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ከእግሩ የወጣ አርማ ካለ ደግሞ ቀዳዳዎቹን ሳታዩ አትግጠሙ። ጎሚኒው ሥር ውሃ ይቀመጣል። ዝገት ከጀመረ አሁኑኑ አጽድታችሁ አንቲሩጂን ቀቡት። ጎሚኒውን አዲስ አድርጉ።

አዲስ ሞዴል

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ልበል። የኔ መኪና አዲስ ናት። አርማው አልተላጠም። ግን ክሮም ስለማልወድ የፊት ግሪሉ ላይ ያለውን ትልቁን አርማ በጥቁር ስፕሬይ ልቀባው አስቤያለሁ። ሳልነቅለው በላዩ ብረጨው ችግር አለው?

የኬሚስትሪ መምህር

እባክህን ቆይ! መኪናህ ከፊቷ ያለውን መኪና እያየች ፍጥነቷን የምታስተካክል ወይም በራሷ ፍሬን የምትይዝ ናት? ከሆነች የዚያች ዓይን አርማው ጀርባ ሊሆን ይችላል። ብዙ አምራቾች ራዳሩን የሚያስቀምጡት እዚያ ነው። ከ76 እስከ 77 ጊጋኸርዝ ባለው ሞገድ ነው የሚሠራው።

እነዚህ አርማዎች ተራ ክሮም የለባቸውም። እውነተኛ ክሮም ሞገዱን እንደ ግድግዳ ይመልሰዋል። ስለዚህ ለምሳሌ ኢንዲየም የሚባል ብረት በጣም በስሱ ይቀባሉ። ብረቱ እርስ በርሱ ሳይገናኝ እንደ ጥቃቅን ደሴቶች ተበታትኖ ይቀመጣል። ለዓይን ያብረቀርቃል። ለራዳር ግን ያሳልፋል። የፕላስቲኩ ውፍረት እንኳ ተሰልቶ ነው የሚሠራው። በላዩ ስፕሬይ፣ በተለይ ብረት ያለበት፣ ከረጨህ ወይም ተመሳሳይ መልክ ያለው ርካሽ አርማ ከገጠምክ ራዳሩ ሊታወር ወይም ርቀት ሊያሳስት ይችላል። ምልክቱ ላዩ እንደ መስታወት ድፍን ለስላሳ መሆኑ ነው። ፊደልና ቅርጹ ከውስጥ ሆኖ ይታያል። እሱን አትንካው። ከተሰነጠቀም ለራዳር የተሠራውን ራሱን ነው መግዛት ያለብህ።

አዲስ ሞዴል

ልክ እንዳሉት ድፍን ለስላሳ ነው። ስፕሬዩን ገዝቼው ነበር። ተውኩት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ንግሥተ መንገድ

ስለ ደህንነት ከተነሳ አንድ ሌላ። መሪው መሃል ያለው አርማ ሲላጥ በላዩ የሚለጠፍ ጌጥ የሚገዙ አሉ። በተለይ እኛ ሴቶች ዘንድ ያ ፈርጥ ያለበት በጣም ይወደዳል። እባካችሁ አታድርጉት። አርማው ያለው ኤርባጉ ክዳን ላይ ነው። ኤርባግ ሲፈነዳ የተለጠፈው ነገር ፊት ላይ ይወረወራል። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በ2023 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አንድ ሰው በእንዲህ ያለ ጌጥ የአንድ ዓይኑን ብርሃን አጥቷል። የመሪ አርማ ከተላጠ ወይ እንዳለ ተዉት፣ ወይ ኤርባግ የሚያውቅ ባለሙያ ጋ ውሰዱት።

ቅርስ ያዥ

ተመለስኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ያደረግኩትን ልንገራችሁ፤ ለሌላም ይጠቅም ይሆናል።

ክቡ አርማ በቴፕና በጨርቅ ምንም ሳይጭር ወጣ። አንዱ ጎሚኒ ሥር ቡናማ ዝገት ጀምሮ ነበር። ጋሼ ባይነግሩኝ ኖሮ በላዩ ገጥሜበት ነበር። አጽድቼ ቀባሁት። ጀርባው ላይ ባለው ቁጥር ጠይቄ አዲስ አርማ አገኘሁ። ቁጥሩ አንድ ነው፣ እግሮቹም አንድ ናቸው። አሮጌውን አልጣልኩትም። ቀለሙን እስከ አሉሚኒየሙ አንስቼ እንደገና ልሠራው ጀምሬያለሁ። ጥሩ ከወጣ እሱን መልሼ እገጥመዋለሁ። አዲሱ መጠባበቂያ ይሆናል።

ፊደላቱ ላይ ግን ፒንሳ ልክ ነበር፤ ክሮማቸው አይመለስም። ግን ለመጣልም አልፈለግኩም። አባቴን ጠየቅኩት። "ስሟ ይነበብ እንጂ ማብረቅረቁ ምን ያደርጋል?" አለኝ። ስለዚህ ጓንት አድርጌ የተላጠውን ሁሉ በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አነሳሁ። የተላጠውና ያልተላጠው የሚገናኙበት ቦታ ደረጃ እንዳይኖረው ብዙ ደከምኩ። በጣትህ ስትዳስሰው የሚሰማህ ጠርዝ ካለ ከቀለሙ በኋላም ይታያል። ከዚያ የፕላስቲክ ፕራይመር፣ ቀጥሎ ደብዛዛ ጥቁር በሦስት ስስ ዙር፣ መጨረሻ ቨርኒሽ። አንደኛውን ፊደል በአንድ ዙር ወፍራም አድርጌ ረጭቼው ቀለሙ ወረደብኝ። እሱን ፍቄ እንደገና ጀመርኩ።

ከነቀልኳቸው በኋላ የፊደላቱ ጥላ ቀለሙ ላይ ቀርቶ ነበር። ከሥራቸው ያለው ቀለም ፀሐይ ስላላየው ከዙሪያው ይደምቃል። በፖሊሽ ሁለቴ ሳሸው ዙሪያው ወደ እሱ ቀረበ። ፊደላቱ እዚያው ቦታቸው ስለሚመለሱ የቀረው ተሸፈነ።

ፒንሳ

ፎቶውን አየሁት። ደብዛዛው ጥቁር አምሮባታል። እኔም የጣልኳቸውን ፊደላት አሰብኳቸው፤ ባልጣልኳቸው ኖሮ።

መንጃ ፈቃድ ትናንት

ሰላም። ይህን ሁሉ አንብቤ እኔም ፊደላቴን ነቅዬ ለጠፍኩ። ቴፑ ጥሩ የሚባለው ነው። ግን በማግስቱ መኪናዋን ሳሳጥብ ሁለት ፊደል ወደቀ። ምን አጠፋሁ?

ንግሥተ መንገድ

አይዞህ፣ ብዙ ሰው ይደርስበታል። መቼ ለጠፍከው? ጠዋት ብርድ ላይ ነው? ቦታውን በምን አጸዳኸው?

መንጃ ፈቃድ ትናንት

አዎ፣ በማለዳ ነው የለጠፍኩት። በጣም ብርድ ነበር። ቦታውን በሳሙና አጥቤ፣ ሰም ያለበት ፖሊሽ ቀብቼ፣ ከዚያ ለጠፍኩ።

ብሩሽና ቀለም

አገኘነው። ሰም ላይ ምንም ቴፕ አይዝም። ፖሊሽ መጀመሪያ ነው። ከዚያ ሰሙም ዘይቱም ተጠርጎ መውጣት አለበት። አይሶፕሮፒል አልኮል ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅለህ በንጹህ ጨርቅ ጥረገው። ሌላ ንጹህ ጨርቅ ይዘህ አድርቀው። ከዚያ በኋላ ቦታውን በጣትህም አትንካ።

ብርዱም አለበት። የነዚህ አክሪሊክ ቴፖች ሙጫ በብርድ ይጠነክራል፤ ቀለሙ ላይ አይፈስም። ከ21 እስከ 38 ዲግሪ ሙቀት ላይ ነው በደንብ የሚይዘው። ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ አትልጠፍ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ጠብቅ ወይም ገጹንም ፊደሉንም በፀጉር ማድረቂያ አሙቅ። ስትለጥፍ ዝም ብለህ አታስቀምጠው። እያንዳንዱን ፊደል በአውራ ጣትህ አጥብቀህ ተጫነው። ይህ ቴፕ የሚይዘው በግፊት ነው።

ሦስተኛው ጥፋት ላቫጆው ነው። ቴፕ አምራቹ 3ኤም ቪኤችቢ ስለሚባለው ቴፑ እንደሚለው በክፍል ሙቀት ከ20 ደቂቃ በኋላ የሚይዘው ግማሽ ጉልበቱን ነው። በ24 ሰዓት 90 በመቶ ይደርሳል። ሙሉ የሚሆነው በ72 ሰዓት ነው። አንተ በብርድ ለጥፈህ በማግስቱ በግፊት ውሃ መታኸው።

የወደቁትን ፊደላት አሮጌውን ቴፕ ሙሉ በሙሉ አንስተህ በአዲስ ለጥፍ። አንዴ የተነሳ ቴፕ ደግሞ አይለጠፍም። ያልወደቁትንም ቀስ ብለህ ሞክራቸው። ከተንቀሳቀሱ አብረህ አንሳቸው።

መንጃ ፈቃድ ትናንት

ሌሎቹ ሦስቱም ይንቀሳቀሳሉ። ሁሉንም አነሳኋቸው። አልኮሉን አገኘሁ፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲሞቅ እለጥፋለሁ። ዛሬ ሐሙስ ነው። እስከ እሑድ ማታ ውሃ አላስነካትም።